«እኛ ጋ እንዲህ አይደለም»፦ የጨዋታ ክበቡ ምሽትና አዲሱ የሕግ ወረቀት

በዚህ ዓምድ እስከ ዛሬ ስንተች የቆየነው ከቤተ መጻሕፍቱ የምንዋሳቸውን መጻሕፍትና ተማሪዎቻችን በየበዓሉ የሚያሳዩአቸውን ድራማዎች ነበር። በዚህ እትም ግን የጨዋታ ክበቡን ምሽት ልንተች ተነሥተናል። ጨዋታም ይተቻል እንዴ? ለምትሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ሰው የሠራው፣ ሰው የሚማርበትና ሰው የሚጣላበት ነገር ሁሉ ይተቻል። ደግሞም ምክንያት አለን። ክበቡ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ውድድር ሊያካሂድ አስቧል። ለውድድሩ እንዲመችም «የጨዋታ ሕጎች» የሚል በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተጻፈ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፏል። በወረቀቱ መሠረት ገበጣ አንድ ሕግ አለው፤ ዳማም አንድ ሕግ አለው፤ ከዚያ ውጭ ለተጫወተ ሰው ነጥብ አይያዝለትም። ባለፈው ሐሙስ ሄደን ያየነው ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ምሽት ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ስለ ጠጠርና ስለ ቆርኪ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። አይፈረድበትም። ነገር ግን የካኩማ ሰው ካምፑ ከተከፈተበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሽን ሲሞላም ሲጎድልም ተጫውቷል። ደሞስ ሱዳኑ፣ ሶማሊው፣ ሐበሻውና ኮንጎው በገዛ ፈቃዱ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ስንት አለን? የውሃ ሰልፍ አለ፤ እሱ ግን በፈቃድ አይደለም።

ክበቡ የሚሰበሰበው ሁላችሁም በምታውቋት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ቀን ሙቀቷ አያስቀምጥም፤ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ሰው ይሞላታል። አምስት ጠረጴዛና ሁለት የሶላር መብራት አላት። ሁለቱም መብራቶች የተሰቀሉት ከቼዝ ጠረጴዛዎቹ በላይ ነው። ቼዙ በእርዳታ የመጣ፣ ጠጠሮቹ የተሟሉና ሣጥን ያለው ስለሆነ ይመስላል እንደ እንግዳ የሚስተናገደው። ገበጣ የሚጫወቱት ደጃፉ ላይ መሬት ቆፍረው ነው፤ ሲመሽ ጠጠሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ይቆጥራሉ። ይህን በትችት መልክ ሳይሆን በጥያቄ መልክ ለክበቡ አስተባባሪዎች እናቀርባለን፦ አንደኛውን መብራት ወደ በሩ ማዞር ስንት ሜትር ገመድ ይፈልጋል?

ከገበጣው እንጀምር። ወረቀቱ ገበጣ ማለት ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48 ጠጠር ነው ይላል። ይህ አጨዋወት አለ፤ ብዙ ሰውም ያውቀዋል። ሐሙስ ዕለት ግን ከበሩ በስተግራ የተቀመጡት አንዲት የኤርትራ እናት ሦስት ረድፍ ቆፈሩ። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር አድርገው ሲጨርሱ ነጥብ የሚይዘው ልጅ መጣና «እማማ፣ ይሄ እኮ ወረቀቱ ላይ የለም» አላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው ሳያዩት «ወረቀቱ ከየት አገር መጣ?» አሉት። ተሣቀ። ነገሩ ግን የሚያሥቅ ብቻ አይደለም። ሁለት ረድፍ ያለው ገበጣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ አለ፤ ባለ አራት ረድፉ ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አለ። ባለ ሦስት ረድፉ የሚታወቀው በኛው በአፍሪካ ቀንድ ነው። ከቀንዱ ተሰደው የመጡ ሰዎች በሚኖሩበት ካምፕ፣ የቀንዱ ብቻ የሆነውን ገበጣ ከውድድር የሚያስወጣ ወረቀት ተለጥፏል ማለት ነው። የለጠፉት ሰዎች ይህን አስበው እንዳላደረጉት እርግጠኞች ነን። ያዘጋጁት ሰዎች ቢበዛ ሦስት ወይም አራት ሰው ጠይቀው ይሆናል፤ የተጠየቁትም የሚያውቁትን ተናገሩ።

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ የገበጣ ዓይነቶች ጥናት ሲያሳትሙ ያደረጉት እያንዳንዱን አጨዋወት ከነአካባቢው መመዝገብ ነበር። የረድፉ ቁጥር ይለያያል፤ የጉድጓዱ ቁጥር ይለያያል፤ በየት በኩል እንደሚዞርና መቼ እንደሚበላ ይለያያል። «ትክክለኛው ገበጣ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ትክክለኛው ወጥ የቱ ነው?» እንደማለት ነው።

እኛን ደስ ያሰኘን ግን ከጨዋታው በፊት የነበረው ነው። እማማ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው የደቡብ ሱዳን ወጣት ነበር። አማርኛም ትግርኛም አይሰማም፤ እሳቸው ስዋሂሊያቸው የገበያ ስዋሂሊ ነው። ታዲያ ከሁለቱ መሐል አንዲት የኮንጎ ልጅ ገብታ ስታስማማ አየን። ስንት ስንት? በቀኝ ነው በግራ የሚዞረው? የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ተራ ያልፋል ወይስ ይበላል? መካከለኛው ረድፍ የማን ነው? ወጣቱ በየጥያቄው «ክዌቱ ሲ ሂቪ» ይላል፤ እኛ ጋ እንዲህ አይደለም ማለቱ ነው። እማማም «እኛም ጋ እንዲያ አይደለም» ይላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ ሁለት ነገር ከእሳቸው፣ አንድ ነገር ከእሱ ተወስዶ ተዋዋሉ። ወጣቱ ውሉን በራሱ አፍ ደግሞ እንዲናገር ተደረገ፤ ተናገረም፤ ጨዋታው ተጀመረ። ተሸነፈም፤ በሰፊው።

በክፍል ውስጥ «የቃል ልምምድ» እያልን ከመጽሐፍ የምናስነብበው ምልልስ የዚህን ግማሽ እንኳ ሕይወት የለውም። ሁኔታን መግለጽ፣ ካልሆነ ብሎ መጠየቅ፣ የሌላውን ሐሳብ ደግሞ መናገር፣ ሁሉም እዚያ መሬት ላይ ነበረ። ወረቀቱ የሚያስቀረው ይህን ሩብ ሰዓት ነው። ወረቀት ካለ መነጋገር የለም፤ ጣት መቀሰር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለወረቀቱም መመስከር ይገባናል። ወረቀቱ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የዳማውን ጠረጴዛ የምታዘወትሩ እንደምታስታውሱት፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከሷ በዕድሜ ከፍ ካለ ልጅ ጋር ተጫውታ ነበር። ካርቶን ላይ በከሰል በተሠመረ ሰሌዳ፣ እሷ የኮካ ቆርኪ፣ እሱ የፋንታ። እየመራች ነበር። አንዱ ቆርኪዋ ጫፍ ደርሶ ነገሠላትና ከዳር እስከ ዳር አሻግራ ልትበላ ስትል ልጁ እጇን ያዘ። «እኛ ጋ ንጉሥ አንድ አንድ ብቻ ነው የሚሄደው» አላት። «መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ከኋላ የቆሙት የሱ ጓደኞች ሣቁ። ቆርኪዋን መለሰች፤ ተሸነፈች፤ ከዚያም ለሁለት ሳምንት አልመጣችም።

ልብ በሉ፣ ልጁ ሕጉን ከኪሱ አልፈጠረውም። በእንግሊዞቹ ዳማ ንጉሥ አንድ አንድ እርምጃ ነው የሚራመደው። በሩስያውና መቶ ቤት ባለው ዓለም አቀፍ ዳማ ደግሞ ንጉሥ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሰያፉን ይበርራል። መብላት እየቻለ ያልበላ ቆርኪው ይነሣበታል የሚሉም አሉ፤ ያልነገሠ ቆርኪ ወደ ኋላ አይበላም የሚሉም አሉ። ስለዚህ ልጁም ልክ ነበር፤ ልጅቷም ልክ ነበረች። ጥፋቱ ሕጉ መሐል መንገድ ላይ መወለዱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ደግሞ የሚጎዳው ሁልጊዜ አዲስ የመጣው፣ ትንሹ፣ ብቻውን የመጣውና ከኋላው ጓደኛ ያላቆመው ነው። ወረቀቱን ያመጣው ይህ ጉዳይ ነው፤ እኛም «የጥንቱ ይሻል ነበር» እያልን ልናለቃቅስ አንችልም።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ተመልሳ መጥታለች። ከዚያው ልጅ ጋር ተቀመጠች። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ወደ ግድግዳው ጠቆመችና «ሰባተኛውን አንብብ» አለችው። አነበበ። ንጉሥ ይበርራል ይላል። ያንን ጨዋታ ቆመን እስከ መጨረሻው አየነው፤ ከምሽቱ ሁሉ ጥሩው ዳማ ነበር። ሁለቱም ያለ ችኮላ፣ እያንዳንዱን መንገድ እየቆጠሩ ተጫወቱ። ያለቀው በአቻ ነው። ግን፣ ይሄ «ግን» ደግሞ ከባድ ነው፣ ነጥብ አልተያዘላትም። ምክንያቱም በወረቀቱ ግርጌ እንደተጻፈው ለውድድሩ ነጥብ የሚያዘው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ብቻ ነው። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ሳይጨልም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተሰብስበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለምን እንደሚሄዱ ለካምፑ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልገንም። ልጅቷን ለመጠበቅ የወጣ ወረቀት፣ በአንድ መስመር ልጅቷን ከውድድሩ አስወጥቷታል። ይህቺ መስመር እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ መቆየት የለባትም።

ወረቀቱ ጨርሶ ስለማያውቀው ጨዋታም ትንሽ እንበል። ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡት የሶማሊያ አዛውንቶች ሻሕ ይጫወታሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ ሦስት አራት ማዕዘኖችን በመስመር አገናኝቶ 24 ነጥብ ማውጣት ነው፤ ሰሌዳው ያው መሬቱ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር አለው። ሁለቱም ጠጠሮቻቸውን ተራ በተራ ደርድረው ሲጨርሱ አንድም ባዶ ቦታ አይቀርም። ከዚያ ከየአንዳንዳቸው አንድ ጠጠር ይነሣና መንቀሳቀስ ይጀመራል። ሦስት በአንድ መስመር ያሰለፈ «ጃሬ» አለ ይባላል፤ የሌላውን አንድ ጠጠር ያነሣል። እስከዚህ ድረስ ሌላም አገር ይመስላል። የሚገርመው ሕግ ሌላ ነው፤ ባላጋራህ መንቀሳቀሻ ካጣ አላሸነፍክም። ከራስህ ጠጠር አንዱን አንቀሳቅሰህ መውጫ ልትከፍትለት ግዴታ አለብህ።

ይህን ሕግ አንድ የብሩንዲ ተማሪ ሲማረው አየን። አዛውንቱን አፍኖ ከያዛቸው በኋላ ዘሎ ተነሣ፤ ያሸነፈ መስሎታል። «አደር፣ አለቀ!» አላቸው፤ «አደር» ማለት በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ትላልቆቹን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው። እሳቸው በመቋሚያቸው ወደ መሬቱ ጠቁመው ክፈትልኝ አሉት። ግራ ገባው። የቱን እንደሚከፍት ሲያስብ ቆየ፤ የከፈተውም የተሳሳተውን ነበር። ሽማግሌው በዚያች ቀዳዳ ወጥተው አሸነፉት። እንዲህ ያለ ጨዋታ ውድድር ውስጥ አይግባ የሚያሰኝ ምን ምክንያት አለ? አስተባባሪዎቹን ብንጠይቃቸው «ሕጉን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አላገኘንም» የሚል ነው መልሳቸው። ከክፍሉ ጀርባ ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ።

እንግዲህ ምን ይሻላል ለሚለን፣ መልሱን ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን ካገኙት ቆይቷል። ባኦን ውሰዱ። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት፣ በጠቅላላው 32 ጉድጓድና 64 ፍሬ ነው። በዋናው የስዋሂሊ ባኦ ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ሰው ሰሌዳው ላይ የሚያስቀምጠው አሥር ፍሬ ብቻ ነው፤ 22ቱን በእጁ ይዞ በየተራው አንድ አንድ እያስገባ ነው የሚጫወተው። ከባድ ነው፤ ጌቶቹ የሚያስቡትን ጀማሪ አይደርስበትም። ለጀማሪው ግን «ባኦ ላ ኩጂፉንዛ»፣ የመማሪያ ባኦ፣ የሚባል አለ። ፍሬው ሁሉ ከመጀመሪያው በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ይደረግና ያለ ብዙ ውስብስብ ይጀመራል። ማንም ግን የመማሪያው ባኦ ስላለ ዋናው ይቅር አላለም።

የኛም ወረቀት መሆን ያለበት እንደዚያ ነው፤ የመማሪያ ሕግ። ሁለት ሰዎች መስማማት ካቃታቸው ወይም አዲስ ሰው ከመጣ በወረቀቱ ይጫወቱ። ሁለቱ በሌላ ሕግ ከተስማሙ ግን ውላቸውን ጮክ ብለው፣ ነጥብ ያዡ እየሰማ ይናገሩ፤ ከዚያ በኋላ «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ማለት የለም። ልጅቷን ያስለቀሳት የሕግ ብዛት አልነበረም፤ ያልተነገረ ሕግ ነው። ነጥብ መያዣ ደብተሩ ላይ «ውል» የሚል አንድ ዓምድ ማስመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ቼዙ ብዙ አንልም። የቼዝ ሕግ ዓለም ያወቀውና አንድ የሆነ ነው፤ ወረቀቱም በትክክል ጽፎታል። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «ተመልካች ዝም ይበል» የሚለው ለሁሉም ጨዋታ መጻፉ ከየት የመጣ ነው? የአገራችን ሰንጠረዥ እንኳ በዝምታ የሚታወቅ አልነበረም። ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየውን ጽፏል፤ ተመልካቹ እየጮኸ ምክር የሚሰጥበት ጨዋታ ነበር። ደግሞ በሰንጠረዥ መጀመሪያው «ወረራ» ነው፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ሲገድሉም በደርና በፈረስ መግደል እንደ ቀላል ይታይ ነበር፤ የሚያስመሰግነው በትንንሾቹ ነው። ወደዚያ እንመለስ አንልም፤ ሰንጠረዥ የሚችል ሰው እዚህ ካምፕ ውስጥ አላገኘንም። ዳማና ገበጣ ግን ያለ አጃቢ ጨው የሌለው ሽሮ ናቸው። ለቼዝ ብቻ ዝም እንበል፤ ይበቃል። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም መብራቶች የበሩለት የቼዝ ጠረጴዛ ላይ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የሚጫወቱ የሚመስሉ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ።

ሞኖፖሊም ነበረ፤ ገንዘቡ ጠፍቶ በብስኩት ወረቀት ተተክቷል። ከሱ አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። የሞኖፖሊ እናት የሆነውን ጨዋታ በ1904 እ.ኤ.አ. በስሟ ያስመዘገበችው አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ማጊ ናት፤ ሐሳቧም ቤትና መሬት የያዘ ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚያደኸይ ለማሳየት ነበር። በዚያው ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሕግ አዘጋጅታለች፤ በአንዱ አንድ ሰው ሁሉን ይጠቀልላል፣ በሌላው ሀብት ሲፈጠር ሁሉም ይደርሰዋል። ለዓለም የተረፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምሽቱ ዋና ነገር እንምጣ፤ የማታ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ወደሠሩት የፊደል ጨዋታ። ስክራብልን አይተው ነው የሠሩት። የዘይት ካርቶን በምላጭ ቆርጠው፣ በማርከር ጽፈው፣ ሙሉውን ፊደል አዘጋጅተዋል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ካርድ ይሆናሉ፤ ከየአንዳንዱ አንድ አንድ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እጃቸው ይባረክ። ጨዋታው ግን አልሄደም፤ ለምን እንዳልሄደ ቁጭ ብለን አየን።

የመጀመሪያው ችግር ሁሉም ፊደል እኩል መሆኑ ነው። እጅህ ላይ «ጱ»፣ «ዡ» እና «ኁ» ይደርሱህና ሌሊቱን ሙሉ ታቅፈሃቸው ትቀመጣለህ። ሳድሱ ደግሞ ባማርኛ በየቃሉ ጫፍና መሐል የሚገኝ ሆኖ ሳለ አንድ አንድ ብቻ ነው ያለው። አንድ ተጫዋች ከጠረጴዛው «መምህር» የሚለውን ጻፈ፤ ሌላዋ «ተማሪ» ጻፈች፤ ሦስተኛው «ትምህርት» ሊጽፍ ቢፈልግ አልቻለም። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቢጠቀም እንኳ ሁለት «ት» ያስፈልገዋል፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። መምህርና ተማሪ አሉ፣ ትምህርት ግን የለም። ይህን ያለችው እኛ አይደለንም፤ ካርዱን በእጇ የያዘችው እናት ናት።

ሁለተኛው ችግር ያው የውል ጉዳይ ነው። አንዱ «ሀሳብ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ሐሳብ ነው፣ አይያዝም» አለ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ ሰና ሠም፣ አና ዐም፣ ጸና ፀም እንደዚያው ተባለ። ሁሉም እሺ ሊሉ ሲሉ ከዳር የነበረው ኤርትራዊ ወጣት «በኛ ቋንቋ እኮ ሐ ሌላ፣ ሀ ሌላ ነው፤ ዐም ከአ ይለያል» አለ። ልክ ነው፤ በትግርኛ ሐ እና ዐ ከጉሮሮ የሚወጡ የራሳቸው ድምፅ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ብትተካው ቃሉ ሌላ ነው። ሩብ ሰዓት የማያንስ ክርክር ሆነ። የማታ ክፍሉ አስተማሪ ሊፈርዱ ተነሡና ተዉት፤ ጥሩ አደረጉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት፦ ትግርኛ የሚጽፍ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ፊደሎቹ ለየብቻ ይቆማሉ፤ አማርኛ ብቻ በሚጻፍበት ጠረጴዛ አንድ ናቸው። ይህን የሚያህል ውል በየትኛው የግድግዳ ወረቀት ልትጽፈው ትችላለህ?

ከዚያ አንዲት ተማሪ፣ ከፊደል ገበታ የወጣችው ገና አምና ነው፣ አንድ ሐሳብ አመጣች። የግዕዙን ቤት ካርዶች ብቻ እንያዝ፣ አናባቢውን ተጫዋቹ ይንገር አለች። «ሰ» «ለ» «መ» ደርድሮ «ሰላም» ብሎ ያነብባል። ይሄ ነገር ሰነፍ ያደርጋል፣ የፊደል ትምህርት ያበላሻል ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸው ይገባናል፤ ሰባቱን ቤት ገና የሚለይ ሰው በዚህ ባይጫወት ይሻለዋል። ነገር ግን ሲጫወቱት ማንም ያላሰበው ነገር ተከሠተ። «ሰላም» አግድም ተጽፏል። ሌላው ከዚያው «ለ» ወደ ታች «መ» ጨምሮ «ሎሚ» ብሎ አነበበ። ያቺ አንዲት ካርድ አግድም ስትነበብ «ላ»፣ ወደ ታች ስትነበብ «ሎ» ሆነች። ጠረጴዛው በጩኸት ተናወጠ። እንግሊዝኛው ስክራብል ይህን ማድረግ አይችልም፤ እዚያ አንድ ፊደል በሁለቱም አቅጣጫ ያው ፊደል ነው። በዚያ ምሽት ካየነው ሁሉ አዲስ የምንለው ይህን ነው፤ ሰውም እስከ መዝጊያው ሰዓት ከጠረጴዛው አልተነሣም።

የቀረው የቁጥር ሥራ ነው። አሁን ሁሉም ካርድ አንድ ነጥብ ነው የሚያስገኘው፤ «ጰ» ያወጣና «በ» ያወጣ እኩል ነው። ስክራብልን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሯል። ለዚህ ነው እንግሊዝኛው ስክራብል ከ100 ካርዶቹ ውስጥ «ኢ» ለሚባለው ፊደል 12 ካርድና አንድ ነጥብ ሰጥቶ፣ «ኪው»ንና «ዜድ»ን አንድ አንድ ካርድና አሥር አሥር ነጥብ የሰጣቸው። የኛም ልጆች መቁጠር አለባቸው። የማታ ክፍሉ ሥራውን ተቀብሏል፤ ከዚህ ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ገጾችን ተከፋፍለው ቅዳሜ ይጀምራሉ፤ ዝግጅት ክፍላችንም የቆዩትን እትሞች ይሰጣል። የትግርኛው ካርድ ለብቻው ከትግርኛ ጽሑፍ ይቆጠራል።

ይህን ጽሑፍ ግን ለቆጠራው አትጠቀሙበት። ጠጠር ጠጠር እያልን ስላመሸን «ጠ» ያለ አቅሟ በዝታለች።